ስበት ሰበብ አይሁን!

ዛሬ የማካፍላችሁ ሐሳብ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለተማርነው ስለ መጠነ ቁስና ስለ ክብደት ነው። አንዳንድ ልጆች «ይሄ ለፈተና ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እኔ ግን ለገበያም በጣም ይጠቅማል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ልዩነቱን እንይ። መጠነ ቁስ ማለት በአንድ ነገር ውስጥ ያለው የቁስ ብዛት ነው። የሚለካው በኪሎ ግራም ሲሆን የትም ቢሄዱ አይለወጥም። ክብደት ግን መሬት ያንን ነገር ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል ነው፤ የሚለካውም በኒውተን ነው። ለምሳሌ 35 ኪሎ የሆነ ልጅ እዚህ ሐይቅ ላይ ክብደቱ 343 ኒውተን ያህል ነው። ጨረቃ ላይ ቢወጣ ስበቷ ከመሬት ስድስት እጅ ስለሚያንስ ክብደቱ 57 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ልጁ ግን አልከሳም! አሁንም 35 ኪሎ ነው።

ስበት በመሬት ላይም ትንሽ ይለያያል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀንሳል። ወደ ግሸን ማርያም ዳገቱን የሚወጣ ሰው «ሸክሙ ከበደኝ» የሚለው ስለሚደክመው ነው እንጂ ሸክሙስ በጣም በትንሹ ቀሏል። ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ ሲኬድ ደግሞ ስበት ይጨምራል። አውሮፓ ውስጥ 9.81 ገደማ ሲሆን በእኛ አካባቢ 9.78 ገደማ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአምባሰል ደጋ፣ በማኅበር ሚዛን 50 ኪሎ የተባለ ምስራችን ሐይቅ ገበያ ሲደርስ በነጋዴ የሞላ ሚዛን 48 ኪሎ ሆነ። ጆንያው አልተቀደደም፣ መንገድ ላይም አልፈሰሰም። አባቴ ሲጠይቅ ነጋዴው «ደጋና ቆላ ሚዛን ይለያያል እኮ» አለው። በቃ፣ ሂሳቡ በ48 ተከፈለ።

እውነት ይለያያል? አዎ፣ የሞላ ሚዛን የሚለካው ስበቱን ስለሆነ ይለያያል። ግን በስንት? የ1,000 ሜትር የከፍታ ልዩነት ቢኖር እንኳ በ50 ኪሎ ላይ የሚመጣው ለውጥ ከ10 እስከ 15 ግራም ነው። ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ምስር ቢሆን ነው። ከራስ ዳሸን ጫፍ እስከ ዳሎል ድረስ ብንወርድ እንኳ ለ50 ኪሎ 100 ግራም አይሞላም። ሌላም አለ። ከደጋ ወደ ታች ሲወረድ ስበት ስለሚጨምር ሚዛኑ መጨመር ነበረበት እንጂ መቀነስ አልነበረበትም! ምናልባት «ሚዛኑ ለአውሮፓ ስበት የተስተካከለ ነው» ቢባልስ? እሱም ከ50 ኪሎ የሚያጎድለው 150 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱ ኪሎ የት ገባ? ወይ ሚዛኑ በትክክል አልተስተካከለም ወይም ሆን ተብሎ ተነካክቷል። ስበት የለበትም።

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ግን እንዲህ አይደለም። በአንዱ ሳህን ምስሩ፣ በሌላው የሚዛን ብረቱ ይቀመጣል። ስበት ሁለቱንም እኩል ስለሚስባቸው ጨረቃ ላይም ቢወሰድ ያው ነው። ስለዚህ እሱ የሚነግረን መጠነ ቁሱን ነው። እኛስ ገበያ ሄደን የምንገዛው ምኑን ነው? ስበቱን ነው እንዴ? የሚበላው ምስሩ ነው!

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ትልልቅ ሰዎች «ክብደቴ 60 ኪሎ ነው» ማለታቸውን ይተዉ አልልም፤ ሁሉም ይግባባበታል። እኛ ተማሪዎች ግን ልዩነቱን አውቀን ለቤተሰባችን ማስረዳት አለብን። ሚዛን ለመፈተሽም ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ሁለት ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶ ሚዛን ላይ መስቀል ነው። ከአራት ኪሎ ትንሽ ከፍ ካለ ትርፉ የጠርሙሶቹ ነው፤ ሚዛኑ ደህና ነው። ከአራት ኪሎ በታች ካሳየ ግን እህሉን ከመስቀላችን በፊት «ሌላ ሚዛን ይምጣ» እንበል።

የሳይንስ ክበባችንም ከመምህሮቻችን ጋር ሆኖ በገበያ ቀን ይህን ሙከራ ለሕዝብ ቢያሳይ ጥሩ ነው እላለሁ። ሐቀኛ ነጋዴ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ገበሬውም የለፋበትን ሙሉውን ያገኛል።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃኝ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ ክፍል