ሚዛኑን ማን ይያዝ?



ልጅዎን ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱ ነርሷ ክብደቱን መዝና፣ ቁመቱን ለክታ በካርዱ ላይ ትመዘግባለች። እርስዎ «ልጄ በደንብ ይበላል» ቢሉም ሚዛኑ ሌላ ሊናገር ይችላል። ሚዛን ለማንም አያዳላምና።

አገርም እንዲሁ ትለካለች። ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው ባካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 ነበሩ፤ በ2016 38፣ በ2019 ደግሞ 37 ሆኑ። የተመጣጠነ ምግብ ለማን ይቅደም? የትኛው አካባቢ ተጎዳ? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ልኬት ነው።

ይህ የጥናት ፕሮግራም ከ1984 ጀምሮ ከ90 በሚበልጡ አገሮች ሲሠራ የቆየው በአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ነበር። ጃንዋሪ 20/2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ ልማት ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም አዘዙ። በተከታዩ ወር የፕሮግራሙ ውል ተቋረጠ። ውሉ የተቋረጠው ሳይንቲስቶች ጥናቱን ገምግመው ስህተት ስላገኙበት አልነበረም። ኋላ ላይ የጌትስ ፋውንዴሽን ጊዜያዊ ድጋፍ አድርጓል።

ነገሩ በውጭ ዕርዳታ ብቻ አላበቃም። በአሜሪካ የጤና ምርምር ማመልከቻዎችን ለአሥርት ዓመታት በቅድሚያ ሲመዝኑ የቆዩት የየዘርፉ ሳይንቲስቶች ናቸው። ኦገስት 7/2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ግን የምርምር ድጎማዎችን በፖለቲካ የተሾሙ ኃላፊዎች እንዲገመግሙ፣ የባለሙያዎቹም አስተያየት ምክር ብቻ እንዲሆን ደነገገ።

«ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ሕዝብ የመረጠው ቢቆጣጠረው ምን ነውር አለው?» የሚል ወገን አለ። እውነት አለው። በጀቱ ስንት ይሁን፣ ለካንሰር ይዋል ወይስ ለወባ የሚለውን መወሰን የተመራጮች ድርሻ ነው። ገንዘቡ እንዳይባክን መቆጣጠርም እንዲሁ። የትኛው ጥናት በአግባቡ ተዘጋጅቷል? ውጤቱስ ምን ይላል? የሚለው ግን የባለሙያ ድርሻ ነው። የሚመዘነው ሰው ሚዛኑን ራሱ ከያዘ ማን ያምነዋል? ባለ ሥልጣን የማይወደውን ቁጥር ማስቀረት ከቻለ ረሃቡ ከወረቀት ላይ ይጠፋል፤ ከልጁ ሆድ ግን አይጠፋም።

ውድ አንባቢ! ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። የልጆቻችን ልኬት በሌላ አገር ምርጫ ውጤት ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። የራሳችን መንግሥትም ለዚህ ሥራ ቋሚ በጀት ይመድብ፤ ባለሙያዎቹን በነፃነት ያሠራ፤ ውጤቱ ቢመርም ይፋ ያድርግ። በአሜሪካ የምትኖሩ ድምፅ ሰጪ ወገኖቻችንም የምክር ቤት እንደራሴያችሁን ጠይቁ። እርስዎም ለጥናት የሚመጡ ባለሙያዎች በርዎን ሲያንኳኩ ልጅዎን ያስለኩ፤ የተጠየቁትን በእውነት ይመልሱ። ትክክለኛ ሚዛን በሁላችንም እጅ ያለ አማና ነውና!