ሥዕል ለሚጥል በሽታ ምን ይፈይዳል?

«ሥዕል በሽተኛ አያድንም» ያሉኝ አንድ የነቀምት የቡና ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸው አባቴን ያህላል፤ አከብራቸዋለሁም። ነገር ግን ቃላቸውን ሰምቼ ዝም ለማለት ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለመርታት አይደለም፤ እሳቸው አንዴ ቆርጠዋል። የምጽፈው ገና ላልቆረጣችሁት ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው።

የተከራከርንበት ነገር ይህ ነው። በነቀምት መናኸሪያ አጠገብ ሸንኮራ አገዳ የሚሸጥ ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ድንገት ወደቀ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፤ ከአፉ አረፋ ወጣ። በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ሸሸ። አንዱ ከሩቅ «አረፋው እንዳይነካችሁ!» እያለ ጮኸ፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ሊያሸተው እጁን ዘረጋ። ልጁ ግን ራሱን ከድንጋዩ ጋር ያጋጭ ነበር። እኔስ? የተማርሁ ነኝ የምለው ሰው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ካፈገፈጉት አንዱ ነበርሁ። በመጨረሻ አንዲት ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት መጥታ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሱ በታች አደረገችለት፤ መንዘፍዘፉም ሲያቆም በጎኑ አስተኛችው። ይህን ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት፣ «ወንድሜ እንዲህ ይታመም ነበር» አለችኝ።

በኦሮምኛ ጋጋብዶ የሚባለው ይህ በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። በንክኪ አይተላለፍም፤ በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም። ከሌሎቹ ደዌዎች የተለየ መንፈሳዊ ምክንያት የለውም ተብሎ በሂፖክራጥስ ስም በግሪክ አገር ከተጻፈ 2,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ ዛሬም ክብሪት እንጭራለን። ጸሎቱንና ጸበሉን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ጸሎት ያለ እንክብል፣ ጸበልም ያለ ሐኪም ይበቃል የሚለውን ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ይታወቃል፤ ዋጋውም ከብዙ መድኃኒቶች የረከሰ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ አለበት፤ በትክክል ቢመረመሩና ቢታከሙ ከመቶው እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ቤት ለቤት ዞረው ከመረመሩት መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ይገኛሉ። በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎች ከሚኖሩበት ገጠር 316 ሕሙማን ተገኙ፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ጥናቱ በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። ከእነዚያ ሕሙማን የታወቀውን የሐኪም መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም። ከቀሩት ብዙዎቹ የቅጠልና የክታብ፣ የጸበልም ሰዎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ ይህን ያወቅነው አንድ ሰው ተነሥቶ በየደጁ እየዞረ ስለ ቆጠረ ነው።

ወደ ወለጋ እንመለስ። በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች በወንዝ ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ ኦንኮ የሚባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚያጠፋ በሽታ ስታስተላልፍ ኖራለች። በካሜሩን፣ በኮንጎ፣ በኡጋንዳና በደቡብ ሱዳን የተመራመሩ ሐኪሞች ኦንኮ በበረታበት የወንዝ ዳር መንደር የሚጥል በሽታም በልጆች ላይ እንደሚበዛ ተመልክተዋል። እንግዲህ በዴዴሳ ዳር ያለች እናት ልጇ ስለ ምን እንደሚወድቅ የመጠየቅ መብት የላትምን? መልሱን ለማግኘት ወንዝ ለወንዝ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ቆጣሪ፣ የነርቭ ሐኪምና የጉዞ ወጪ ያስፈልጋል። ነቀምት ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት፤ ሰው አላጣችም።

ነጋዴው «ገንዘቡን ከመንግሥት ጠይቅ» አሉኝ። ይጠየቅ። እኔ ግን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣዎቻችንን አስታወስኋቸው። የአንድ ባለሥልጣን ፎቶግራፍ በመስተዋት ይከፈንና ለጨረታ ይቀርባል፤ ባለጸጎቹም እርስ በርሳቸው እየተያዩ ዋጋውን ሽቅብ ይሰቅሉታል። ያ ፎቶግራፍ ማንን አዳነ? ፎቶግራፍ ሲሸጥ ዝም ያለ ሰው ሥዕል ሲሸጥ ለምን ይቆጣል?

ሥነ ጥበብ በአደባባይ ለሕዝብ ጉዳይ መቆሙ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጠላት ሊወርረን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሕዝቡን የቀሰቀሱት በዘፈንና በንግግር ነው። በውጭውም ዓለም በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዙሪክ ከተማ ሰዎች በሠዓሊዎች ያጌጡ የላም ቅርጾችን በየመንገዱ አቆሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካይቱ ቺካጎ ከ300 በላይ አቁማ በኋላ ከመካከላቸው ለጨረታ ብታቀርብ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለበጎ አድራጎት ተገኘ። ላምን ከወለጋ ሰው ይልቅ የሚያውቅ ማን ነው? (የቺካጎዎቹ እኮ አንዱም አይታለብም!) ለእኛ የላም ቅርጽ እንኳ አያስፈልገንም፤ ከነቀምት መናኸሪያ እስከ ገበያው፣ በጊምቢና በደምቢዶሎም አደባባይ የሚቆም የእንጨት ሰሌዳ ይበቃናል። ሰሌዳው አንድ ወር ለሕዝብ ይታይ፣ ከዚያም ይሸጥ። የለቀምት ቡና በባሕር ማዶ ስሙ የታወቀው በዚህ ምድር ስም ነው፤ ከዚያ ቡና ያተረፈ ሰው ሰሌዳ ቢገዛ አይደኸይም።

ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቄ እከለክላለሁ። በሽተኛውን አረፋ ደፍቆ፣ ልብሱ ተገልጦ የሚያሳይ ሥዕል አይሣል። እንዲህ ያለው ሥዕል ጥቂት ሳንቲም ያስገኝ ይሆናል፤ ልጁን ግን ለሁለተኛ ጊዜ በአደባባይ ይጥለዋል። ከርኅራኄ የሚገኘውን ገንዘብ በውርደት ዋጋ አልገዛም። የሚሣለው ነጠላዋን ያጣጠፈችው ሴት ትሁን። ማታ ልጁ ሲወድቅ እንዳይቃጠል በቤት መካከል ያለው ምድጃ በጭቃ ከፍ ብሎ ሲሠራ ይሣል። ማንበብ የማይችለውም መንገደኛ እንዲማር አፉ ውስጥ ምንም እንደማይጨመር፣ ክብሪትም እንደማይጫር ይሣል። እንግዲህ ሥዕሉ ገና ሳይሸጥ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው፤ ነጋዴው ያላዩት ይህን ነው።

ገንዘቡስ ማን እጅ ይገባል? ይህ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሰሌዳው ከቆመበት ቦታ ላይ የተሸጠበት ዋጋና የወጣበት ምክንያት በጉልህ ይለጠፍ፤ ሦስት ወር ሳይለጠፍ ቢቀር ሕዝቡ የሚቀጥለውን ሰሌዳ አይግዛ።

«በዚህ በችግር ዘመን?» ብለውኛል። ባለፉት ዓመታት ግጭት መንገድ በተዘጋ ጊዜ የማን እንክብል ተቋረጠ? የዚህ በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ መውደቁ እየተደጋገመ ሊገድል ይችላል። የሕሙማኑን ስምና ቤት የሚያውቅ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ለማን ቀድሞ እንደሚላክ ይታወቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ እንጨትና ቀለም እኔ እገዛለሁ። ልጁ በወደቀበት ቦታ እንዲቆም የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ሠዓሊው ከእናንተ መካከል ይምጣ። ቡና የምታፈላዋን ሴት ጠይቄአታለሁ፤ ለመሣል ፈቅዳለች፤ ነጠላዋ ግን ታጥቦ እንዲሣል ትፈልጋለች።