ዓመታት ተቆጠሩ፤ ሕዝቡ ግን አልተቆጠረም

በአገራችን እስካሁን የተደረጉት አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ይኸውም በ1976፥ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየዐሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደ ገና አራዘሙት። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሕዝቡ ግን አልተቆጠረም።

የዚህ ዕዳ ከፋይ ማነው? የገጠሩ ሰው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶው 84 ያህሉ በገጠር የሚኖር ነበር። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል በአንዲት ቀበሌ የተወለደ ሕፃን ዛሬ መሬት የሚጠይቅ ጎልማሳ ሆኗል። በክልሉ ሰፊው የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ስለ ነበረ፥ እርሱ የሚጠብቀው ከአባቱ ማሳ ተቆርጣ የምትደርሰውን ቁራሽ ነው። እንዲህ ያለው ወጣት በየቀበሌው ስንት ነው? ስንቱስ ተሰደደ? ለ5 ሺህ ሰው ታስበው የተመደቡት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዛሬ ስንት ሰው ይጠብቃቸዋል? ያልተቆጠረ ሰው በጀት ሲደለደል የለም።

እኛስ? በዴንቨርና በኦሮራ ቡና በተጠጣ ቁጥር ሁሉም የየብሔረሰቡን ብዛት በሚሊዮን እየጠራ ይሟገታል። እርግጥ፥ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1999 ዓ.ም. የአማራ ክልል ሕዝብ 17 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ ሲገኝ ጉዳዩ ምክር ቤት ደርሶ አከራክሯል። ነገር ግን የተጠረጠረ ቁጥር የሚጠራው በተሻለ ቆጠራ እንጂ በግምትና በጩኸት አይደለም።

የምንኖርባት አሜሪካም በዚህ ረገድ ንጹሕ ታሪክ የላትም። በ1790 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ስትጀምር፥ የምክር ቤት ወንበር ሲደለደል አምስት ባሪያዎች እንደ ሦስት ሰው ይታሰቡ ነበር። ሆኖም ቆጠራው ተቋርጦ አያውቅም። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ሳያግደው ተካሄደ፤ ኮሎራዶም ሕዝቧ ከ5.7 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ ስምንተኛ የምክር ቤት ወንበር አገኘች። በዚያ ቆጠራ እኛ ስደተኞቹ እንኳ ተቆጥረናል፤ የቆጠራው መመሪያም በአማርኛ ተዘጋጅቶልን ነበር። በአገራቸው የቀሩት ወላጆቻችን ግን ይህን አላገኙም።

«ተኩስ ባለበት እንዴት ይቆጠራል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጠመንጃ ባለበት ቆጣሪ አይገባም። ቢሆንም ከአሁኑ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። አንደኛ፥ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የልደትና የሞት ምዝገባ በየቀበሌው ይጠናከር። ሁለተኛ፥ ቆጠራውን ሁሉም ወገን በሚያምናቸው ባለሙያዎች የሚመራ አካል ያካሂደው። ሦስተኛ፥ የብሔረሰብ ጥያቄ ቆጠራውን የሚያግት ከሆነ ለጊዜው ከቅጹ ይውጣ። ናይጄሪያ በ2006 እ.ኤ.አ. ብሔረሰብንና ሃይማኖትን ሳትጠይቅ ሕዝቧን ቆጥራለች። ገበሬው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ዘሩን ሳይሆን ስንት ልጅ፥ ስንት ጥማድ መሬት፥ ምን ያህል ርቀት ላይ የሚቀዳ ውሃ እንዳለው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! ስለ ሕዝብ እንናገራለን የምንል ሁሉ አስቀድመን ሕዝቡ ይቆጠር ብለን እንጠይቅ።