ዋስ ከመሆን በፊት ቴስታታው ይፈተሽ

በናታንያ ወደ ሽማግሌዎች የሚመጣው ጉዳይ ድሮ የጋብቻ፣ የውርስና የቂም ነበር። አሁን አሁን የመኪናም ይመጣል። ልጅ ከሠራዊት ይወጣል፣ ሥራ ይይዛል፣ አንድ አሮጌ መኪና ይገዛና «ሞተሩን አጠንክሬ ልሥራው» ይላል። አባት «ብሩን ብረት ላይ ሊያፈስ ነው» ብሎ ይቆጣል። እናት መሀል ላይ ትጨነቃለች። ልጁ ብድር ሲጠይቅ ዋስ አምጣ ይባላል፤ ዋሱ ደግሞ የሚፈለገው ከዘመድና ከታላላቅ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ ሽማግሌው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «የልጅ ነገር ነው» ብሎ ይፈርማል፣ ወይ «ሽጠው!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም አያዋጡም። የመጀመሪያው ዕዳ ያመጣል፣ ሁለተኛው ልጁን ያርቃል። የሚሻለው ስለ አንድ ዕቃ ጠይቆ መወሰን ነው። ዕቃው ቴስታታ ነው። በትንሽ ገንዘብ ጠንካራ ሞተር ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብሩ የሚድነውም የሚጠፋውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

በአገር ቤት ጋራዦች ቴስታታ፣ እዚህ ሮሽ ማኖዓ የሚባለው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። ቫልቮቹ እዚያ ናቸው፤ አየርና ነዳጅ የሚገባበት፣ ጭስ የሚወጣበት መተላለፊያም እዚያ ነው። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በሚተነፍሰው ልክ ስለሆነ ጥሩ ቴስታታ ጥሩ ሳንባ ነው።

ታዲያ ትልቅ መተላለፊያ ያለው ይሻላል? ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሽማግሌ ግን ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ለትንሽ ምድጃ ትልቅ ወናፍ ቢያመጡለት ፍሙን ይበትነዋል እንጂ ብረቱን አያግለውም። ሞተርም እንዲሁ ነው። መተላለፊያው ከልክ በላይ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ መኪናው በከፍተኛ ዙር ይጮሃል፣ ከመብራት ሲነሳ ግን ይደክማል። የከተማ መኪና ደግሞ ዕድሜው የሚያልፈው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ነው።

ለዚህ በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። ጀነራል ሞተርስ ከ1996 ጀምሮ በ5.7 ሊትር የፒክአፕና የቫን ሞተሮች ላይ ቮርቴክ የሚባል የብረት ቴስታታ አደረገ፤ በእስራኤል የታወቀችው ሳቫና ቫንም በዚህ ሞተር ተሠርታለች። የመግቢያ መተላለፊያው ወደ 170 ሲሲ፣ የማቃጠያ ክፍሉ 64 ሲሲ ነው። ትልቅ የሚባል አይደለም፤ ቅርጹ ግን በደንብ ታስቦበታል። ስለዚህ አቅም የሌላቸው ሞተር ሠሪዎች ውድ አልሙኒየም ከመግዛት ይልቅ ከተጣሉ መኪኖች እየፈቱ ለዓመታት ሠርተውበታል። ግን እሱም ወጥመድ አለው። በቫልቭ መቀመጫዎቹ አካባቢ ይሰነጠቃል፣ የራሱን የአየር ማስገቢያ ይፈልጋል፣ ኃይለኛ ካምሻፍት ከተገጠመለት የቫልቭ ስፕሪንጎቹ ይቀየራሉ። ይህን ያልቆጠረ ሰው ርካሽ ገዛሁ ብሎ ውድ ይከፍላል።

በትናንሽ የጃፓን መኪኖችም ያው ነው። የሆንዳ ቢ20 ሞተር ላይ የቢ16ን ቪቴክ ቴስታታ መግጠም የታወቀ የድሃ ብልሃት ነው። ሆኖም የታችኛው ሲሊንደር ስፋት 84 ሚሊሜትር ሲሆን ቴስታታው የተሠራው ለ81 ነው፤ ለቪቴኩም የዘይት መንገድ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ እጅ ከሌለ በኢንተርኔት ርካሽ የተገኘው ቴስታታ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

እንግዲህ ሽማግሌው ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ቴስታታው ተፈትሿል ወይ? የእስራኤል በጋና የመንገድ ቁጥር 2 መጨናነቅ ሞተርን ያግላሉ፤ የጋለ አልሙኒየም ይጣመማል፣ ብረት ይሰነጠቃል። ቀጥ ማለቱ በማስመሪያ ብረት ይለካል፣ ስንጥቁ በግፊት ይታወቃል፣ ብረት ከሆነ በማግኔትም ይፈተሻል። ሁለተኛ፣ ከሞተሩ ጋር ይስማማል ወይ? ቫልቭና ፒስተን እንዳይጋጩ ፒስተኑ ላይ ለስላሳ ጭቃ አድርጎ ሞተሩን በእጅ ማዞርና የቀረውን ውፍረት መለካት የቆየ ዘዴ ነው። የማመቂያ ኃይሉ ከጨመረም በ95 ፋንታ 98 ቤንዚን ሊፈልግ ይችላል፤ እሱም የየሳምንቱ ወጪ ነው። ሦስተኛ፣ ዋጋው ሙሉ ነው ወይ? ጋስኬቱ፣ ብሎኑ፣ የማሽን ቤቱ ክፍያ ተደምሯል?

ብዙ ጊዜ መልሱ ሌላ ቴስታታ ሳይገዙ የራሱን ማደስ ይሆናል። ቫልቭና መቀመጫውን አስተካክሎ፣ ፊቱን አስልሶ፣ ስፌሩን በልኩ ማድረግ የሚያስደንቅ ለውጥ ያመጣል። ለወጣት ይህ አያጓጓም፤ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታይበትምና። የሽማግሌ ምክር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

«ጉልበት ጨመርንለት ማለት እኮ ሞት ጨመርንለት ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ፍሬንና ጎማ ሳይስተካከል ለሞተር ብር ማውጣት ስህተት ነው። ሞተርም ሆነ ሌላ የመኪናው አካል ሲቀየር ሚስራድ ሃሪሹይ ሊያውቀው ይገባል፤ አለበለዚያ ቴስት ላይ ይወድቃል፣ ፖሊስ ከመንገድ ያወርደዋል፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ላይከፍል ይችላል። ለፍጥነት ደግሞ ሕግ ያለው ቦታ አለ። የስፖርታዊ አነዳድ ሕግ በ2005 ከወጣ በኋላ ውድድር ፈቃድ ባለው ሜዳ ይደረጋል። የናታንያ ጎዳና ሜዳ አይደለም፤ ሽማግሌው ይህን ያለ ማመንታት ሊናገር ይገባል።

«ብረት ብረት አትሽተት» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በጎንደር የቤተ እስራኤል አንጥረኛ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር፤ ጎረቤቱ ማረሻውን እየገዛ ቡዳ ይለው ነበር። ያን ስድብ የተሸከሙ ሰዎች ልጅ ዛሬ በሚሊሜትር የሚለካ ሥራ ሊማር ሲነሳ፣ ሙያውን የሚንቅበት የገዛ ቤተሰቡ መሆን የለበትም። ቫልቭ ማስተካከል የቻለ ልጅ ነገ እንጀራ አለው።

ስለዚህ የዋስትናው ነገር በሥርዓት ይሁን። ልጁ የማሽን ቤቱን የፍተሻ ወረቀት፣ የሙሉ ወጪውን ዝርዝርና የሚስራድ ሃሪሹይን መልስ ይዞ ይምጣ። እነዚህን ካመጣ ነገሩን አስቦበታልና ሽማግሌው ቢፈርምለት አያፍርበትም። ካላመጣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ ቡና አጠጥቶ ይሸኘው። በሩን ግን አይዝጋበት፤ ወረቀቱን ይዞ ሊመለስ ይችላልና።