የራሳችን አራዊት ወዴት አሉ?

በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሕፃናት የጃፓን ምናብ የወለዳቸውን የፖኬሞን ካርዶች ዘርግተው ሲከራከሩ ተመለከትሁ። ፒካቹ መብረቅ ይወረውራል፤ ቻርማንደር የጅራቱ እሳት ከጠፋ ይሞታል። ከአሥር ዓመት የማይበልጥ አንድ ልጅ የእያንዳንዱን ፍጡር ኃይል፣ ድክመትና የሕይወት መጠን በቃሉ ይዘረዝር ነበር። አጠገቤ የቆሙ አንድ መምህር ግን «የባህል ወረራ ማለት ይህ ነው፤ ተሰብስቦ መቃጠል አለበት» አሉ።

ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የአራዊትን ባሕርይና ችሎታ እየዘረዘሩ ማስተማር ለሀገራችን ባዕድ አይደለም። በጥንት ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው «ፊሳልጎስ» የተባለ መጽሐፍ ሥራው ይኸው ነበር። አንበሳ ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል፤ ዐይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ፊንክስ በእሳት ተቃጥሎ ዳግመኛ ይነሣል ይላል። የፍጡሩ ጠባይ ከተነገረ በኋላ ትምህርቱ ይከተላል። እንግዲህ በጅራቱ እሳት ሕይወቱን የሚጠብቅ ፍጡር ያስደነቀው የልደታ ልጅ የአባቶቹን የመደነቅ ጠባይ ወረሰ እንጂ አልካደም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሳቶሺ ታጂሪ ፖኬሞንን የፈጠረው በልጅነቱ በቶኪዮ ዳርቻ ጥንዚዛና ሌሎች ነፍሳትን ይሰበስብ ከነበረበት ትዝታ ተነሥቶ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ፤ ካርዱም በዚያው ዓመት ታተመ። የሰፈሩን ጥንዚዛ ለዓለም አደባባይ አበቃ። እኛስ? በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የሚራመደው ዋልያ የብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያ ከመሆን አልፎ በየትኛው ተውኔታችን ተናገረ? ሣር የሚግጠው ጭላዳ፣ በፍልፈል ጉድጓድ አፍ አድፍጦ የሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ፣ በባሮ ወንዝ በኤሌክትሪክ የሚመታው ዓሣ የማን ብዕር፣ የማን ብሩሽ ጎበኛቸው? ፒካቹ በምናብ የያዘውን መብረቅ የእኛ ዓሣ በሥጋው ይዞታል። ድክመት ይጻፍ ከተባለም፣ ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ልጅ ነገ የሚቆረቆር ዜጋ ይሆናል።

ወቀሳ ካስፈለገ ወቀሳው ወደ ተገቢው ስፍራ ይነጣጠር። ካርዱ የሚሸጠው በታሸገ ፓኬት ነው፤ ገዢው ምን እንደሚደርሰው አያውቅም፤ ብርቅዬው ካርድ ሆነ ተብሎ በጥቂቱ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የፒካቹ ካርድ በ5,275,000 ዶላር ተሸጧል። ጨዋታው ሲሸፈን ሎተሪው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ልንታገለው የሚገባን የሕፃን ተስፋ በፓኬት የሚቸረቸርበትን ንግድ እንጂ የሕፃኑን ምናብ አይደለም።

ይህን ስል ራሴን ነፃ አላወጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ ግጥምና ተውኔት ስጽፍ ለልጅ የሚሆን አንድ አውሬ እንኳ አልፈጠርሁም። መድረኩን ለአዋቂዎች ንትርክ ሰጥቼ ሕፃናቱን ያገኙትን ይልቀሙ ብዬ ተውኋቸው። ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን።

ስለዚህ ሠዓሊያን ይሣሉ፤ ገጣምያን የእያንዳንዱን አውሬ ጠባይ በሁለት ስንኝ ይቋጥሩ፤ የሥነ ሕይወት መምህራን እውነቱን ያርሙ፤ የባህል ኃላፊዎች የማተሚያውን ወጪ ይፈልጉ። ካርዶቹ ሁሉ በአንድ ፖስታ፣ ምንም ሳይደበቅ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል ይድረሱ። ያን ጊዜ የልደታው ልጅ ፒካቹን ከባሮው ዓሣ ጋር ያጋጥማቸው፤ ዳኝነቱንም ለእርሱ እንተውለት። እስከዚያው ድረስ ግን ከእጁ ካርድ የመቀማት መብት የለንም።