«ወፍ ነው»

ባለፈው የጥር ዕረፍት በባሕር ዳር፥ በጣና ዳር ካለ አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፥ አቅራቢ መነጽር በአንገቱ ያንጠለጠለ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ወደ ቅርንጫፉ አመለከተና፥ «ይህን በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። «ወፍ ነው» አልኩት። በትሕትና አመሰገነኝ። ያቺ መልሴ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ወፉ ብርቅ ፍጥረት አልነበረም። ራሱ ጥቁር፥ የዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ፥ ጀርባው የሸክላ ቀለም ያለው፥ ወንዱ ከገላው የሚረዝም ጅራት የሚጎትት፥ ዝንብና ትንኝ በአየር ላይ እየቀለበ የሚኖር ነው። አንዳንዱ ወንድ ደግሞ ጀርባውና ጅራቱ ነጭ ይሆናል። ጎጆውን በሸረሪት ድር አጣብቆ ይሠራል፤ ወንድና ሴቱ በተራ ይታቀፋሉ። እንግዳው ማስታወሻውን ቢያሳየኝ፥ ከወፉ ስም አጠገብ «የተለመደ» ብሎ ጽፎበታል። ለእሱ የተለመደ ማለት ብዙ ጊዜ ያየው ማለት ነው፤ ለእኛ ግን ጨርሶ ያላየነው ማለት ሆኗል።

ስሙን ሌሎች አውጥተውለታል። በአገራችን የሚገኘው ዘር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1843 «ፈሬቲ» ተባለ፤ ፈሬ በዚያን ዘመን አገራችንን የጎበኘ የፈረንሳይ መኮንን ነበር። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር እዚሁ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ሲያሳትሙም፥ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር። እነሱ ተግተው ሠርተዋል፤ ወቀሳው የሚገባው ዳር ቆመን ለተመለከትነው ነው።

«ሕዝብ ስለ እንጀራ ሲጨነቅ አንተ ስለ ወፍ ታወራለህ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዋርካው ሊቆረጥ ሲል የሚከራከርለት፥ በላዩ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው። የዘጌ ደን እስከ ዛሬ የቆመበት አንዱ ምክንያት፥ ገዳማቱና በጥላው ሥር ቡና የሚተክለው ሕዝብ ዛፉ ምን እንደሚሰጠው ስለሚያውቅ ነው። የጣና አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገብ ብቻውን ግን ዛፍ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፥ እያንዳንዳችን የአምስት ወፍ ስም ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጠይቀን ከነመንደሩ ጽፈን እንምጣ፤ ማኅበሩም በአንድ ደብተር ያሰባስበው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሳስና ጆሮ ይበቃል። ጊዜ ግን የለንም። በማግሥቱ አንድ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ስለዚያው ወፍ ብጠይቀው፥ «እናቴ ስሙን ታውቀው ነበር፤ አምና ዐረፈች» አለኝ።