«መካን ናት» ከማለትህ በፊት

እስቲ ዛሬ ፊት ለፊት እናውራ። ልጅ ያልተወለደበት ቤት ሲታይ ጣት የሚቀሰረው ሁሌ ወደ ሚስት ነው። አማት ታጉረመርማለች፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሴቲቱ ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል ትንከራተታለች። ባልየውስ? «እኔ ምንም የለብኝም» ብሎ ቁጭ! በምን አወቀ? ጢም ስላለው? አልጋ ላይ ስለማይሰንፍ?

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ጂን ማለት በየሴላችን ያለ መመሪያ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን መመሪያው መኖሩ ብቻ ሳይሆን መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ ነው። ይህ ጉዳይ የወንድ ዘር ሲሠራ ያለውን ያህል ጥብቅ የሚሆንበት ቦታ ጥቂት ነው። ሥራው ወደ 74 ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ቀጥሎ 46ቱ ክሮሞሶም ወደ 23 ይወርዳል፣ በመጨረሻ ክቡ ሴል ጭራ አውጥቶ ጭንቅላቱ ይጠብባል። ያኔ ዲኤንኤው የተጠመጠመባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች አብዛኞቹ ይነሱና ፕሮታሚን የሚባለው ገብቶ ጥርቅም አድርጎ ያሽገዋል። ከታሸገ በኋላ ጂን ማንበብ የለም! ስለዚህ ሴሉ የሚያስፈልገውን መልእክት ቀድሞ ይጽፍና ለቀናት ያስቀምጠዋል፤ ፕሮቲን የሚሆነው ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ነው። አይጦች ላይ የፕሮታሚን መልእክት ያለ ሰዓቱ ፕሮቲን እንዲሆን ሲደረግ የዘሩ እድገት እዚያው ቆሟል። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ ላይ እንደማውጣት በሉት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲበላሽ ከውጭ ምን ይታያል? ምንም። በዋይ ክሮሞሶም ላይ ኤዜድኤፍ የሚባል ክልል አለ፤ ከወንድ መካንነት ጋር መያያዙ ከተጠቆመ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከዚያ ቁራጭ የጎደለበት ሰው ጢሙ ሙሉ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ስሜቱ ያልተነካ ሊሆን ይችላል። ዘሩ ግን በጣም ጥቂት ነው ወይም ጭራሽ የለም። ወንድነት የሚመስለን ነገር ሌላ፣ ዘር ማምረት ሌላ!

እንዲያውም ጂም ቤት የቴስቶስትሮን መርፌ የምትወጉ ወጣቶች ስሙኝ፦ ከውጭ የገባው ሆርሞን አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያስቆማል። ጡንቻው ሲያብጥ ዘሩ ይደርቃል። ብታቆሙትም እስኪመለስ ወራት ይፈጃል።

«እኔ እኮ ከሌላ ሴት ልጅ አለኝ» የሚልም አይጠፋም። ወንድሜ፣ ዘር አንዴ ጎተራ ተከቶ የሚኖር እህል አይደለም፤ በየቀኑ አዲስ የሚመረት ነው። ከባድ ትኩሳት ብቻውን ለሁለት ሦስት ወር ሊያበላሸው ይችላል። የዛሬ አስር ዓመት የወለድከው ልጅ ለዛሬው ማስረጃ አይሆንህም።

«በአንድ ሳምንት ዘር የሚያበዛ» እያላችሁ ቴሌግራም ላይ ዱቄት የምትሸጡትም፣ 74 ቀን የሚፈጀውን በሰባት ቀን? የጎደለ ጂን በማንኪያ ዱቄት አይተካም። የሰው ጭንቀት ላይ አትነግዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከስድስት ሰው አንዱ ያህል በሕይወቱ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ደግሞ የወንዱ ድርሻ አለበት። ይህን የምለው ጣቱን ከእሷ አንስተን እሱ ላይ እንድንቀስር አይደለም። የጂን መጉደል ኃጢአትም እርግማንም አይደለም፤ ማንም መርጦ አላመጣውም። ነውሩ ሳይመረመሩ መፍረድ ነው።

የዘር ምርመራ ቢላ የለው፣ መርፌ የለው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው፣ አለቀ። እሷ በስንት ምርመራ ስትሰቃይ አንተ ይቺን ታፍራለህ? ጠበልም ከሆነ ሁለታችሁ ሂዱ፤ ላቦራቶሪም ከሆነ ሁለታችሁ። ያልተመረመረ ባል «መካን ናት» የማለት መብት የለውም። የባል እናትም እንደዚሁ።

የሚመለከተው ሰው ካለ ሼር አድርጉለት።